ለቱቦ የተተከለው ድንኳን

ስለ ሽንት ቤት ማውራት ነውር ነው የምትል አንባቢ ከሆንክ፣ ሽንት ቤትህ ቤትህ ውስጥ ነው ማለት ነው። እንኳን ደስ ያለህ። እኛ ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ወደ ጊዮርጊስ በሚያስወጣው ቅያስ የምንኖር ሰዎች ግን ሌላ ወሬ የለንም። በኳስ ብንጀምር ሽንት ቤት ላይ እንጨርሳለን፤ በፖለቲካ ከጀመርንማ ቶሎ እንደርሳለን።

ግቢያችን ስምንት አባወራ፣ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት አለው። ቧንቧው ውሃ የሚሰጠው ደስ ሲለው ነው። ሽንት ቤቱ ደግሞ ከግቢው ግርጌ፣ የድንጋይ ደረጃ ተወርዶ ነው የሚገኘው። ደረጃው በጣልያን ጊዜ ተሠራ ይባላል፤ ጣልያን ከወጣ ወዲህ የጠገነው የለም። በበጋ ያንሸራትታል፣ በክረምት ይዞ ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት እዚያ ላይ ጆግ ጆጋችንን ይዘን እንሰለፋለን። ተኮራርፎ የከረመ ጎረቤት ሁሉ የሚታረቀው እዚያ ነው፤ በሰልፍ ከፊትህ ለቆመ ሰው ፊት መንሳት አያዋጣም።

እኔ በበኩሌ መላ ዘይጄ ነበር። ወደ ሥራ ስወጣ አንድ ካፌ እገባና ማኪያቶ አዝዤ ሽንት ቤታቸውን እጠቀማለሁ። ችግሩ ማኪያቶው በተራው ሌላ ካፌ ይፈልጋል። ቸርችል ጎዳናን እንዲህ ከካፌ ካፌ እያልኩ ወርጄ ቢሮ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጣል። አለቃዬ መጠጥ የጀመርኩ መስሏቸው ለብቻዬ ጠርተው መክረውኛል። እተዋለሁ አልኳቸው፤ ምን ልበል?

እናቴ ግን ማኪያቶ አትጠጣም። እትዬ በላይነሽ ትባላለች፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ባለፈው ክረምት እዚያ ደረጃ ላይ ወድቃ አልጋ ላይ ከረመች። ይኼኔ ነው ታላቅ እህቴ ሮማን ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሟ እየበረረች መጥታ ፍርዷን የሰጠችው።

«ለመጪው ክረምት እዚህ ቤት ውስጥ ሽንት ቤት ካልገባ እማዬን እወስዳታለሁ። እኔ ጋ ከአልጋ ወርዶ በር መክፈት ብቻ ነው።»

በማግስቱ እናቴ ጤና አዳሟን ከነጣሳው ለጎረቤት ስትሰጥ አየኋት። «ፎቅ ላይ ይደርቅብኛል ብዬ ነው» አለችኝ፣ ፊቷን አዙራ። ከጊዮርጊስ ደወል፣ ከሰፈሯ፣ ከምታውቀው ሰው ሁሉ ልትነቀል መሆኑን በሆዷ ተቀብላለች ማለት ነው። ሞቼም ቢሆን ሽንት ቤት አስገባለሁ ብዬ ማልኩ።

እንደ ዕድል ሆኖ፣ መንገዱ እንደ አዲስ ሲሠራ ትልቁ የፍሳሽ መስመር በቅያሳችን አፍ ላይ አልፎ ነበር። አንድ ቀን አንድ ወጣት መሐንዲስ መጣና፣ «ከግቢያችሁ እስከ ዋናው መስመር ቦዩን ራሳችሁ ከቆፈራችሁ፣ የቱቦውንም ከከፈላችሁ፣ ፍሳሹንም ውሃውንም በየቤታችሁ እናገናኛለን» አለን። ግቢው አበደ። ሴቶቹ እልል አሉ። እዚያው በዚያው ኮሚቴ ይመረጥ ተባለ። እኔ በዚያ ሰዓት ሰልፍ ላይ ነበርኩ፤ ተራዬ ደርሶ ገብቼ ስወጣ ሊቀመንበር ሆኜ ጠበቁኝ። በአገራችን ስብሰባ ላይ የሌለ ሰው ነው የሚመረጠው፤ እኔ ደግሞ ከስብሰባው ትንሽ ራቅ ብዬ ነበር።

ክፍያውን መከፋፈል የመጀመሪያው ጦርነት ሆነ። በቤት ይሁን ወይስ በሰው ቁጥር? ወርቅ ቤት የሚሠራው ሳሚ፣ የሰፈሩ ቀልደኛ፣ «እኔ ቀን ቀን ሥራ ቦታ ነው የምጠቀመው፣ ግማሽ ልክፈል» አለ። ልጆች የበዙባት ጎረቤታችን ደግሞ «ሕፃን ታክሲ ላይ እንኳ በጭን ነው የሚሄደው፣ ሽንት ቤት ላይ ለምን ይከፍላል?» ብላ ተነሳች። አንዱ ሽማግሌ ትንሽ አስበው፣ በሚበሉት ልክ ይከፈል አሉ። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን፣ ሁሉም ቤት እኩል ይክፈል፣ ያልሞላለት ቀስ እያለ ይጨምር ብለን ተስማማን። እኔ በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። ካርቶን ላይ የግቢውን ፕላን ሣልኩ፤ የውሃውን ቱቦ በሰማያዊ፣ የፍሳሹን በቡኒ አደረግሁት። ለሚያውቀኝም ለማያውቀኝም አሳየሁ።

ሁለተኛው ጦርነት ጋሽ ሽኩር ነበር።

ጋሽ ሽኩር ግቢያችን በር ላይ ሱቅ ያለው፣ እኔን በከረሜላ ያሳደገኝ የስልጤ ሰው ነው። ሲመጣ ገና ጎረምሳ ነበር አሉ፤ የመጀመሪያዋ ደንበኛው እናቴ ናት። ሱቁ ከሱብሂ ሶላት እስከ እንቅልፍ ሰዓት ክፍት ነው፤ ለአረፋ አገር ቤት ካልሄደ በቀር ተዘግቶ አያውቅም። መሐንዲሱ መሣሪያውን ተክሎ በአንድ ዓይኑ አየና፣ ፍሳሽ ሽቅብ አይሄድም፣ ቁልቁለቱ ያለው በዚህ በኩል ብቻ ነው አለ። ጣቱ ያመለከተው የጋሽ ሽኩርን ባንኮኒ ነው።

«ስማ የኔ ልጅ» አለኝ ጋሽ ሽኩር፣ ስለምነው። «ደንበኛ ማለት ውሃ ነው። አንድ ቀን ሌላ ቦይ ካገኘ አይመለስም። አንተ ወለሌን ስትገለብጥ ደንበኛዬ እዚያ ማዶ ሱፐርማርኬት ይገባል። እዚያ ደግሞ ቅርጫት እየገፉ ነው የሚገዙት።»

«አንተም እኮ ትጠቀምበታለህ፣ ጋሽ ሽኩር።»

«እኔ መስጊድ አለልኝ።»

ሽማግሌ ላክን፤ ሻይ አጠጥቶ መለሳቸው። ሼህ ላክን፤ ምሳ ጋብዞ መለሳቸው። እኔና እሱ ተኮራረፍን። ይህ ሁሉ ሲሆን መሐንዲሱ ደወለና፣ «ሰኞ ጠዋት ቡድኑ ይመጣል፤ ቦዩ ተቆፍሮ ካልጠበቀን ተራችሁ ለሌላ ሰፈር ያልፋል» አለ። ክረምቱ ደግሞ ደርሷል። ተራችን አለፈ ማለት እናቴ ሄደች ማለት ነው። እሁድ ጠዋት ጠቅላላ ስብሰባ ጠራሁ፤ ጋሽ ሽኩርን በሕዝብ ፊት ለመለመን።

ዝናብ እንዳይበትነን ብዬ ቅዳሜ ከሰዓት የእድራችንን ዳኛ አቶ ተካን ድንኳን ጠየቅኳቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ እዚያው ስልክ አንስተው ለጋሽ ደምሴ፣ «ነገ ጠዋት ድንኳኑና ወንበሩ እነ እትዬ በላይነሽ ግቢ ይግባ» ብለው ዘጉት። ለስብሰባ ነው አላሉም። እኔም ቆሜ እየሰማሁ ለስብሰባ ነው ይበሉት አላልኩም። በገዛ አፌ የማይረባ ነገር ስለፈልፍ የምውል ሰው፣ ያቺን ቃል መቆጠቤ ይገርመኛል።

ጋሽ ደምሴ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነው። ዛሬ ዛሬ ሞትም በስልክ ስለሚነገር ጡሩምባው ሥራ ፈትቶ፣ እሱም ሆድ ብሶት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የእድር ድንኳን ወጥቶ ሰው ያልሞተበት ቀን አያውቅም። እትዬ በላይነሽ ደግሞ አርጅታለች፣ አምና ወድቃለች። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈልጋል? እሁድ ጎህ ሲቀድ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቸርችል ጎዳና ድረስ እየዞረ ነፋው። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ድምፁን ከሩቅ ሰማሁ፤ የጠራውን ስም ግን አልሰማሁም። «ማን ይሆን ምስኪኑ፣ ነፍስ ይማር» ብዬ ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ። እናቴ ያኔ ከዘራዋን ይዛ ቅዳሴ ሄዳለች።

ስነሳ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ሰዉም መግባት ጀምሯል። ያውም በሰዓቱ። ያውም ከእኛ ግቢ ብቻ ሳይሆን ከየቅያሱ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፤ ይህ ሕዝብ ለፍሳሽ መስመር እንዲህ ይነሳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጥቁር የለበሱ ሴቶችን ሳይ፣ ጠዋት ጡሩምባ የተነፋለትን ለቅሶ ደርሰው መምጣታቸው ነው ብዬ የበለጠ አከበርኳቸው። አንድ አዛውንት ትከሻዬን ይዘው፣ «አይዞህ ልጄ፣ ጠንከር ነው» አሉኝ።

«ምን ችግር አለ አባባ» አልኳቸው በደስታ፣ «ዛሬ እንገላገላለን።»

ሰውየው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

አንድም ሰው ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም። ለቅሶ ቤት ገብቶ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ቁጭ ይባላል፣ አንገት ይደፋል፣ ከጎን ካለው ሰው ቀስ ተብሎ ይሰማል። ስለዚህ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እኔም ካርቶኔን ይዤ መሃል ቆምኩ።

«ወገኖቼ» አልኩ፣ «ዛሬ የተሰበሰብንበትን ጉዳይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።» ሴቶቹ በኩል ሳግ ተሰማ። «እናቴ በዚያ ጉልበቷ ያንን ደረጃ ስትወርድ ስትወጣ አይታችኋል።» ሳጉ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። እንዲህ ያለ ተናጋሪ መሆኔን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ካርቶኑን ከፍ አድርጌ ቡኒውን መስመር ሳሳይ ደግሞ አንዷ ደረቷን መታች። ልቤ በኩራት ተነፋ።

ወዲያው የጋሽ ሽኩር ሱቅ የብረት በር ዷ ብሎ ሲዘጋ ተሰማ። ጋሽ ሽኩር ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ እየተንገዳገደ ገባና ወንበር ሳይፈልግ መሬት ተቀመጠ።

«እትዬ በላይነሽ» አለ፣ «እትዬዋ፣ አገር ሳላውቅ የተቀበልሽኝ። ያንን ደረጃ ስትወጪ እያየሁሽ ለአንዲት ወለል ብዬ እንቢ አልኩሽ። ይፍረስ ሱቄ፣ ይቆፈር፣ ምን ያደርግልኛል ከእንግዲህ።»

እጄ ላይ ያለው ካርቶን ወደቀ። አሁን ይኼን ታሪክ ስታነቡ ትስቁ ይሆናል፤ እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ሁሉንም አመንኩ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ለሰፈሩ ሁሉ ተነግሮ ለቅርብ ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚነገረው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሌላ ነገር አስመስሎ፣ ቀስ ብሎ። እናቴ በጨለማ ወጥታለች። ጉልበቷ ደካማ ነው። መንገድ ላይ የሆነ ነገር ሆናለች፣ ሰዉ ሁሉ አውቋል፣ እኔን ሊያረዱኝ ነው የተሰበሰቡት። አይዞህ ያሉኝ ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ቆሜ ስለ ቱቦ አወራለሁ።

«እማዬን» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ይዘውኝ ነበር። ልጅዋ ሲያለቅስ ያየ ሕዝብ ደግሞ ጥርጣሬ ቢኖረው እንኳ ለቀቀው፤ ድንኳኑ አንድ ላይ ተናወጠ። በዚህ መሃል ሮማን በታክሲ ደረሰች፤ ስልክ የደወለላት ሰው ነበር። «አልወስድሽም ነበር እማዬ፣ ለማስፈራራት ብዬ ነው» እያለች ድንኳኑ መግቢያ ላይ ተንከባለለች።

እናቴ ከቅዳሴ የተመለሰችው ይኼኔ ነው። ኋላ እንደነገረችን፣ ገና በሩ ጋ ድንኳኑን ስታይ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። የሁላችንንም ድምፅ፣ ጋሽ ሽኩር «ይፍረስ ሱቄ፣ ይቆፈር» እያለ መደጋገሙንም ሰማች፤ ግን ለቅሶ ውስጥ ገብቶ መጠየቅ ነውር ነው። በጀርባ በኩል ገብታ ሴቶቹ መሃል ጥግ ላይ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። ትንሽ ካለቀሰች በኋላ፣ ፊቷን ሸፍና አጠገቧ የምታለቅሰውን ጎረቤታችንን እትዬ አስካለን ጠጋ ብላ ጠየቀች።

«ማን ናት?»

«በላይነሽ ናታ።»

«የቷ በላይነሽ?»

«የዚህ ግቢዋ፣ የሮማን እናት።»

እናቴ ይበልጥ ጠጋ አለች። «ምን አገኛት?»

«ያ ደረጃ ነዋ። ሽንት ቤት ስትል ሞተች።»

«እኔስ ብዬ ነበር» አለች እናቴ።

እትዬ አስካለ ድምፁን አወቀችው። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አየች፣ በስመ አብ አለችና ወደ ኋላ ስትወድቅ አግዳሚ ወንበሩን ከነተቀመጡበት ሰዎች ይዛው ሄደች። ሰው ሁሉ ዞረ። እኔ እናቴን ሳያት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ አንገቷ ስር ገብቼ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ሮማን በሌላ ወገን ያዘቻት። «ቀስ፣ ጉልበቴን» አለችን።

ከዚያ ሁሉም ጋሽ ደምሴን አየ፤ ጋሽ ደምሴ አቶ ተካን አየ፤ አቶ ተካ እኔን አዩኝ።

«ድንኳኑ... ለቱቦው ስብሰባ ነበር» አልኩ።

ያለቀሱበትን ሁሉ መልስ የሚሉኝ መሰለኝ። ሳሚ ብቻ፣ «እኔ እኮ ሊቀመንበራችን ስለ ፍሳሽ ሲናገር ለምን እንዳለቀስኩ ግራ ገብቶኝ ነበር» አለ። ሳቁ ከዚያ ፈነዳ።

በሳቁ መሃል ጋሽ ሽኩር ጋቢውን ሰብስቦ ወደ በሩ ሲያፈገፍግ እናቴ አየችው።

«ሽኩር፣ ወዴት ነው?»

«ሱቁን ክፍት ትቼው መጥቼ...»

«ዘግተህ ነው የመጣኸው፤ ሳልፍ አይቻለሁ። ይቆፈር ያልከውንም ሰምቻለሁ። አንተ ስታለቅስልኝ እኔ እዚያ ጥግ አብሬህ ሳለቅስ ነበር።»

«ሞተሻል ብዬ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ከሞትኩ በኋላ ምን ያደርግልኛል? አሁን ስጠኝ።»

ጋሽ ሽኩር ቆሞ አያት። ያለቀሰበት ዓይኑ ገና አልደረቀም። ኪሱ ገባና የሱቁን ቁልፍ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረው። «ለቅሶ ላይ የተናገርኩትን አላጥፍም» አለ።

አቶ ተካ በበኩላቸው እድሩ ላወጣው ወጪ ምን ብለው እንደሚጽፉ ተጨንቀው ነበር። እናቴ ወደ እሳቸውም ዞረች። «ለቀብሬ ልታወጡ ያሰባችሁትን በቁሜ ስጡኝ። እዚህ ግቢ ለቱቦው መክፈል ያቃታቸው አሉ፣ በእኔ ስም ሙሉላቸው። መቅበር ካማራችሁ ቱቦውን ቅበሩ።» ሕዝቡ አጨበጨበ። ጠቅላላ ጉባኤው እዚያው ተሟልቶ ስለነበር እጅ ወጣ፣ አለፈ። ጋሽ ደምሴን ሊቆጡት የተነሱትንም፣ «ተዉት፣ ይኼን ሁሉ ሰው እኔ ብጠራው ይመጣ ነበር?» ብላ አስቀመጠቻቸው።

ቁፋሮው ወዲያው ተጀመረ። መቃብር ሊቆፍሩ ከእድሩ ዶማና አካፋ ጋር የመጡ ጎረምሶች እዚያው ነበሩና፣ ከነሱፋቸው ወደ ሱቁ ገቡ። የጋሽ ሽኩር ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ባንኮኒው ሳይቀር ተሸክመን ወደ ድንኳኑ አሻገርነው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሕዝብ ድንኳኑ ውስጥ ገበያ ቆሞ ሲያገኝ ይገዛ ጀመር። ጋሽ ሽኩር ስኳር እየመዘነ፣ ወደ እኔ አንገቱን አስግጎ፣ «ድንኳኑን እስከ መቼ ነው የምትሰጡኝ?» አለኝ። ሴቶቹ ለለቅሶ የቀቀሉትን ንፍሮ ለቆፋሪው አቀረቡ። እኔ ሊቀመንበር ነኝና አካፋ ያዝኩ፤ ሁለቴ አፈር ከወረወርኩ በኋላ ግን አንዱ ጎረምሳ በትህትና ተቀብሎኝ፣ አንተ ካርቶኑን አሳየን አለኝ። አሳየኋቸው። ጀንበር ሳትጠልቅ ቦዩ ከግቢያችን እስከ መንገዱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሰኞ መሐንዲሱ መጥቶ ሲያየው፣ «በስንት ቀን ነው የቆፈራችሁት?» አለ። በአንድ ለቅሶ አልነው፤ አልገባውም።

ሮማን ግን ሮማን ናት። እናቷ በሕይወት መኖሯን ባረጋገጠች ማግስት፣ «ለቅሶ ላይ ያልኩት የለቅሶ ነው፤ ሽንት ቤቱ ሠርቶ ካላየሁ እወስዳታለሁ» ብላ ሄደች።

ሠራ። ቡፌው በነበረበት ጥግ፣ ነጭ ሴራሚክ፣ መታጠቢያና በር ያለው። የተመረቀ ዕለት ግቢው በሙሉ ቤታችን ታጨቀ። እናቴ ብቻዋን ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ እኛ ትንፋሻችንን ዋጥን። ውሃው ሲለቀቅ ድምፁን የሰማ ሁሉ እልልታውን አቀለጠው። እኔ አላፍርም፣ አለቀስኩ።

ሮማን ግን ልትመረምር ነው የመጣችው። ገብታ ቧንቧውን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች። ውሃው አይቆምም። ሰዉ ከሄደ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ትንሽ ልታጠብ?» አለች። ያኔ ነው እሷ ያለችበት አራተኛ ፎቅ ውሃ እንደማይወጣ፣ ከምድር በጀሪካን እየተሸከመች እንደምትኖር የነገረችን። ኩራቷ ነው እስከዛሬ ያስደበቃት። እናቴ ፎጣ አውጥታ ሰጠቻት።

ገባች። ውሃው ሲወርድ ይሰማል። ታንጎራጉራለች። ቆየች። ኧረ ቆየች። እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ስትጠብቅ ቆይታ፣ ከዘራዋን አነሳችና በሩን አንኳኳች።

«ሮማን።»

«ወይ እማዬ።»

«ትወስጂኛለሽ ያልሽው ቀረ አይደል?»

የውሃው ድምፅ ቆመ። «ቀረ እማዬ። ኧረ ቀረ።»

«እንግዲያው ውጪልኝ» አለች እናቴ፣ «ቤቱ የኔ ነው።»